ከሮለር ኮስተር በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት

በአዲስ ዓለም ሮለር ኮስተር የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአቡ ዳቢ በተከፈተው ፌራሪ ወርልድ ግን በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር የሚፈተለክ አለ። ይህን ጨዋታ የሚወድ፣ ዘመድ ጠይቆ ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው ከጤና ጣቢያችን ቢቀርብ ምን እንጠይቀዋለን?

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የጀርመን ጥናት የ55 ጤናማ ተሳፋሪዎች የልብ ምት በደቂቃ በአማካይ ከ91 ወደ 153 ከፍ ብሏል። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ባይሳፈር ይመረጣል።

ይበልጥ የሚያሳስበው አንገትና አንጎል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲወናጨፍ ከአንጎል ሽፋን ሥር ያሉ ደም መላሽ ሥሮች ሊበጠሱ፣ የአንገት ደም ወሳጅ ሥር ውስጠኛ ግድግዳም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጉዳቱ እምብዛም አያጋጥም፤ ሲያጋጥም ግን ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። «ራስዎን ተመትተው ነበር?» ስንል ታማሚው «አልተመታሁም» ይለናል፤ እውነቱን ነው። እኛም (ልማዳችን ነውና) ታይፎይድ ወይም ሳይነስ ብለን እንሸኘዋለን።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ቀድሞ ያልነበረ የአንድ ወገን የአንገት ሕመም፣ የዐይን ሽፋን መውደቅ ወይም የእጅና እግር መድከም ካለ፣ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል በአስቸኳይ መላክ ያሻል። ተራው ሲቲ ስካን ንጹሕ ቢሆንም የደም ሥር መሰንጠቅ የለም አያሰኝም፤ ስለዚህ መሳፈሩ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የደም መፍሰስ አለመኖሩ ሳይረጋገጥም አስፕሪን አይሰጥ።