ተማሪው «አልሳተፍም» ማለት ይችላልን?



ጉዳዩን እዚሁ ሞጆ ካለ ምሳሌ ልጀምር። ከጅቡቲ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡትን ኮንቴይነሮች የሚከታተል ሶፍትዌር ሊሠራ ታሰበ እንበል። ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በጥንድ ቢጽፉት ስሕተቱ ይቀንስ ይሆን? ይህን ለማወቅ ሙከራ ያስፈልጋል። ባለሙያዎችን ከሥራቸው ማንሣት ውድ ነው፤ በአዳማ ግን ተማሪዎች በየክፍሉ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። ዳግ ሾበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ቅኝት፣ ከ1993 እስከ 2002 ከታተሙ 113 ሙከራዎች ተሳታፊዎች መካከል 87 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ነበሩ።

ለመሆኑ ተማሪ ባለሙያውን ይወክላልን? መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። ሆስት፣ ሬግኔልና ቮሊን በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሮጀክትን ስለሚያዘገዩ ምክንያቶች ተማሪዎችና ባለሙያዎች የሰጡት ግምት ብዙም አልተራራቀም። በ2007 የታተመው፣ 295 ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን የጥንድ ሥራ ጥቅም በልምድና በሥራው ውስብስብነት እንደሚለያይ አሳየ። ስለዚህ ከጀማሪ የተገኘን ውጤት በቀጥታ ለአንጋፋው ማዋል ያሳስታል።

ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ከዓመታት በፊት በራሴ ኮርስ ባካሄድሁት ሙከራ ለሚሳተፉ ሁሉ አምስት ማርክ ጉርሻ ሰጠሁ። አንድም ሳይቀር ፈረሙ። ስለ አዲሱ ዘዴ በሞሉት መጠይቅ ላይም ቅሬታ አልነበረም፤ እኔም ዘዴውን ስለወደዱት መሰለኝ። ኮርሱ ካለቀ በኋላ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ባልፈርም ኖሮ ስሜን ያዩት ነበር፣ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝርዝሩ በእጄ ነበር።

ያን ጊዜ ሁለት ስሕተት ታየኝ። ፈቃዱ ከይሉኝታና ከፍርሃት የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ፈቃድ ያስገኘው መረጃም የዘዴውን ጥራት ሳይሆን የመምህሩን ሥልጣን ሊለካ ይችላል። ውጤቱን አላሳተምሁትም።

ከዚያ ወዲህ አራት ነገሮችን እጠብቃለሁ። ተማሪዎቹን የሚጋብዘው ማርክ የማይሰጥ ሌላ ሰው ነው። መሳተፍ ላልፈለገ ተመጣጣኝ ድካም ያለው፣ እኩል ማርክ የሚያስገኝ ሥራ ይዘጋጃል። የጀመረም ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። የተሳታፊዎቹን ስም እኔ የማየው ውጤት ለሬጅስትራር ከገባ በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም አይፈርሙም። የቁጥሩ ማነስ ትንተናዬን ያከብደዋል፤ ነገር ግን «አልሳተፍም» ያሉትን ሳይ የፈረሙትን ማመን ይቀለኛል።