«አማርኛውን ለጊዜው እናውጣው»

መልእክቱ የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነው። «አማርኛውን ለጊዜው እናውጣውና አፕዴቱን እንልቀቀው» ይላል። የጻፈው ልጅ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ከቡድናችን በጣም ትሑቱ እሱ ነው። ግን «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል እኔ አገር ያደገ ሰው ያውቃታል። ለጊዜው የተነሳ ነገር መቼ ተመልሶ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በትርፍ ሰዓቴ አንድ ትንሽ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላይ እሠራለሁ። በስልክ ፎቶ የተነሱ የመጽሐፍና የሰነድ ገጾችን አቅንቶ፣ ጥላቸውን አጥፍቶ ወደ አንድ ፋይል ይሰበስባል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚከፍለን የለም። ስድስት ሰዎች ነን፤ ከስድስታችን አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በፊት የፕሮግራሙን መመሪያ በአማርኛ ጽፌ አስገብቼ ነበር። ሁሉም «ጎበዝ» ብለውኛል፣ ደስም ብሎኛል።

ከዚያ ችግር መጣ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ምስል ሲከፈት ፕሮግራሙን የሚያፈርስ ስህተት ተገኘ። ማስተካከያው አሥር መስመር አይሞላም፤ እሱም ተጻፈ። አፕዴቱን ልንለቅ ስንል ግን ቢልዱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቢልድ ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ወስዶ እናንተ ኢንስቶል ወደምታደርጉት ጥቅል የመለወጥ ሥራ ነው። የኛ ቢልድ ፕሮግራሙንም መመሪያውንም በአንድ ትእዛዝ ነበር የሚሠራው። ለመመሪያው የምንጠቀመው ስፊንክስ የሚባል መሣሪያ ነው። ጌኦርግ ብራንድል የፓይተን ቋንቋን መመሪያ ለማዘጋጀት ሠርቶ በ2008 ያወጣው፣ ዛሬ በየፕሮጀክቱ የምታገኙት ነው። ከአንድ ጽሑፍ ድረ ገጽም ፒዲኤፍም ያወጣል። ፒዲኤፉን የሚያወጣው ግን በላቴክ በኩል ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠቀመው የቆየውን ፒዲኤፍላቴክን ነበር። እሱ እንግሊዝኛውን ሲያነብ ሲያነብ መጥቶ «ሀ» ላይ ሲደርስ፣ ይህን ፊደል አላውቀውም ብሎ ሥራውን አቆመ። በቃ። ስልካችሁ ላይ በየደቂቃው የምትጽፉት ፊደል ነው፤ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባም ከ1999 ጀምሮ ነው።

ይህን ማስተካከል ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ዚላቴክ የሚባለውን ሞተር መርጦ፣ አቢሲኒካ ሲል የሚባለውን ነፃ ፎንት መስጠት ነው። ያንኑ ሌሊት ጨረስኩት፤ አርብ ጠዋትም አፕዴቱ ወጣ። አማርኛውም አልወጣም።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የደህንነት ማስተካከያ የሚጠብቅ ሰው ለምን የፒዲኤፍ ፊደል እስኪስተካከል ይጠብቃል? ዛሬ «ሀ» ናት፤ ነገ አንድ ሥዕል ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሊንክ ይበላሻል። በዚያ ላይ ፒዲኤፍ ለማውጣት ብቻ ቢልድ የሚያደርገው ኮምፒውተር ላይ ላቴክ መጫን አለበት፤ ሙሉው ደግሞ በርካታ ጊጋባይት ነው። አዲስ ሰው ኮዳችንን ሊሞክር ሲል ይህን ሁሉ አውርድ እንለው ነበር። አዲስ አበባ ሆኖ በሞባይል ዳታ ይህን ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ነገሩን መለያየት እንዳለብን ለቡድኑ ሳስረዳ ምሳሌ ያደረግኩት ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለውን ነው። ጉግል በ2018 አፕ በንድል የሚባል አሠራር አመጣ፤ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚወጡ አዳዲስ አፖች በዚህ እንዲቀርቡ ግዴታ አደረገ። አንድ አፕ ስታወርዱ ለሁሉም ስልክ የተዘጋጀው አይመጣላችሁም። ለስልካችሁ ፕሮሰሰር፣ ለስክሪኑና ለመረጣችሁት ቋንቋ የሚሆነው ክፍል ብቻ ነው የሚመጣው።

ዴቢያን ውስጥ ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። ኢያን መርዶክ በ1993 የጀመረው ይህ የሊኑክስ ስርጭት ትልልቅ መመሪያዎችን ስማቸው በ«ዶክ» በሚያልቅ የራሳቸው ጥቅል ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ለየብቻ ቢልድ መደረግ አለበት፤ ለኢንቴል የተሠራው አርም ላይ አይሄድም። መመሪያ ግን ጽሑፍ ነው፣ የትም ያው ነው። ስለዚህ ዴቢያን ውስጥ «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ ምልክት ይደረግበትና አንዴ ብቻ ይሠራል። ለመመሪያው ብቻ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችም በሌላ መስመር ይዘረዘራሉ፤ ፕሮግራሙን ብቻ የሚፈልግ ሰው አያያቸውም። እኛ ለኢንቴልና ለአርም ስንሠራ ያንኑ ፒዲኤፍ ሁለት ጊዜ ስናወጣ ኖረናል። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔንም ጨምሮ።

በመሃል አንዱ አቋራጭ አመጣ። «ፒዲኤፉን አንተ ላፕቶፕህ ላይ አውጣውና ከምንለቀው ፋይል ጋር አያይዘው፤ ቢልድ ማድረግም አያስፈልግም።» ቀላል ነው፣ ግን እምቢ አልኩ። በመጋቢት 2024 በኤክስዜድ ላይ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የሰርጎ ገብ በር ተቀብሮ ነበር፤ በሩን የሚከፍተው ስክሪፕት ደግሞ ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ለመልቀቂያ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው የተጨመረው። የተያዘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላስገረመው ነው። የኛ ትንሽ ነገር ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም አንድ ሰው ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ የጨመረውን ፋይል ሌላው ከምን እንደተሠራ ሊያረጋግጠው አይችልም። እኔን እመኑኝ ማለት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ለየነው። ፕሮግራሙና አጭሩ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ በአንድ ጥቅል፣ ሙሉው መመሪያ በየቋንቋው በሌላ ጥቅል። የመመሪያው ቢልድ ቢወድቅ ቀይ ምልክት ያሳየናል፣ ፕሮግራሙን ግን አያስቆምም። ጥቅሉ ቀለለ፣ ቢልዱ ፈጠነ፤ እኔም እንደ ጀግና ተኮፈስኩ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ደብረ ብርሃን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ እናት ናቸው። አሮጌ የፈተና ወረቀቶችን በፕሮግራማችን የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው፤ የአማርኛው መመሪያም መጀመሪያ የተጻፈው ለሳቸው ነው።

«ልጄ፣ ማሽኑን አፕዴት አደረጉልኝና መመሪያው ጠፋ'ኮ።»

«የት ነበር የሚያነቡት እትዬ?»

«እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ። እዚህ ኢንተርኔት የት አለ? ልጆቹ በፍላሽ አምጥተው ነው የሚጭኑልኝ።»

አፈርኩ። ዴቢያን ውስጥ አንድ ጥቅል ሌላውን የሚጠራባቸው ደረጃዎች አሉ። «ይመከራል» ካላችሁት በተለምዶ አብሮ ይጫናል፣ የማይፈልገው ሰው ሊከለክለው ይችላል። «ቢኖር ጥሩ ነው» ካላችሁት ግን ጠያቂ ካላገኘ አይመጣም። እኔ መመሪያውን ሁለተኛው ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ሰርቨር ላይ የሚጠቀሙ ሰዎች ይከብደናል እንዳይሉ ብዬ። አማርኛውን እናውጣው ላለው ልጅ ሦስት ገጽ መልስ ጽፌ ሳበቃ፣ ራሴው በአንድ ቃል አውጥቼው ነበር።

ያን ቀን ቃሏን ቀየርኳት። ከባዱን ፒዲኤፍ ከዚያ ጥቅል አውጥቼ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተውን ቀለል ያለውን ድረ ገጽ ብቻ ተውኩ፤ የሰርቨር ሰዎችም አላጉረመረሙም። ልጆቹ በፍላሽ ሁለቱን ጥቅሎች እንዲወስዱ ነገርኳቸው።

ከሳምንት በኋላ ደወልኩላቸው። «መጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ቀጥለውም ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ሥዕል የድሮውን ቁልፍ እንደሚያሳይ ነገሩኝ። አየሁት፤ ልክ ናቸው። እሱን ገና አልቀየርኩትም።