ያውቁ ኖሯል? ልፋቱ የማይታይ ሩጫ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የስፖርት ዘጋቢዎች አንድ ሯጭ ሳይጨነቅ ሲፈስ ሲያዩ «ኤፈርትለስ» ይሉታል፤ ልፋት የማይታይበት ማለታቸው ነው። ይህ ውዳሴ ከአበበ ቢቂላ ይበልጥ የሚገባው ሯጭ ያለ አይመስለኝም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። በቀዶ ሕክምና ትርፍ አንጀቱን ካስወጣ ገና ሳምንታት ብቻ አልፈው ነበር። የመጨረሻውን መስመር አልፎም አልወደቀም። ሜዳው ሣር ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ መስመሩ ላይ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው።

እንዲህ ያለው ሩጫ ቀላል መስሎ መታየቱ ምክንያት አለው። አንዳንድ ሯጮች በተመሳሳይ ፍጥነት ከሌሎች ያነሰ ኦክስጅን ይበቃቸዋል። እግር መሬት ሲረግጥ የተረከዝ ጅማት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሲነሣ ደግሞ ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ ጡንቻውም ያን ያህል አይደክምም። ትከሻና እጅ ሲላሉ ደግሞ በከንቱ የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል። አበበ ይህን አሯሯጥ ያዳበረው ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ለዓመታት እየሮጠ ነው።