ባቄላው ለገብሱ ምን ትቶለት ይሄዳል?

በቆሎ ከመዝራት በፊት በክረምት የአተርና የጓያ ዘመድ የሆነ ተክል ዘርቶ ማሳን መሸፈን እንደሚጠቅም የውጭ አገር የግብርና መጻሕፍት ይናገራሉ። ይሄን እንዳለ ይዘን ገነተ ማርያም ብንሄድ ግን ገበሬው ይስቅብናል። የእነሱ ክረምት ብርድና በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዋናው የእርሻ ጊዜ! በላስታ ደጋ ማሳው ባዶውን የሚከርመው በበጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዝናብ የለም፣ ከብትም ይለቀቅበታል። በቆሎውም ቢሆን የደጋውን ብርድ አይወድም።

ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የደጋ ገበሬ ገብስ ባበቀለበት ማሳ በዓመቱ ባቄላ ወይም አተር ይዘራና ከዚያ ወደ ገብሱ ይመለሳል። በመረሬ መሬት ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል በቀረችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ለውጭዎቹ አሠራር የሚቀርበው ይኸኛው ነው። (ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚያሽመደምድ አይዘንጋ።)

ምሥጢሩ ሥሩ ላይ ነው። ባቄላ ሲያብብ ዙሪያውን በዶማ ቆፍረን እናውጣው፤ ከነቀልነው እባጮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አንዱን እባጭ በጥፍር ስንሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ይህን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያረጋገጡት ጀርመናውያኑ ሄልሪጌልና ቪልፋርት ናቸው።

ታዲያ ዩሪያ ለምን ይገዛል? ፍሬው አብዛኛውን ናይትሮጅን ይዞት ይሄዳላ! ገለባውን ከብት ይበላዋል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለመሬቱ የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ውጭ አገር ተክሉን ሳያፈራ በአረንጓዴው ገልብጠው ያርሱታል። ቤተሰብ የሚበላውን ባቄላ እንዲህ አድርጉ ማለት ግን እኛ አይዋጥልንም። ፍጉ ወደ ማሳው ቢመለስ ይሻላል፤ እርግጥ ማገዶው ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ ይፈልጋል።

50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ከባቄላ በኋላ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ ጨርሶ አይቀርም። አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ ግን ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ሊተን ይችላል፤ ስለዚህ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ መጨመርና አፈር ማልበስ ነው።

ወደፊት በምንመደብበት ትምህርት ቤት ጓሮ ሁለት እኩል መደቦች ይበቁናል፤ በአንዱ ባቄላ፣ በሌላው ገብስ። በዓመቱ ሁለቱም ላይ ያለ ማዳበሪያ ገብስ ዘርተን ምርቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመዝኑት።