እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፦ ፒያኖን ዜማ ያስተማሩ መነኩሲት

ፒያኖ ድምፅ ማንሸራተት አይችልም። መሰንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን በጭራው ላይ እየገፋ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቆርጥ ይሻገራል። መሪጌታም ድጓ ሲያዜም አንዷን ፊደል እየጎተተ፣ እያርገበገበ ይወስዳታል። ፒያኖ ግን እያንዳንዱ ቁልፉ ለብቻው ነው፤ ሲጫኑት ውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ ሽቦውን ትመታለች፣ ድምፁም ወዲያው መክሰም ይጀምራል። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ የሚያወጣ ጣት የለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ለመተዋወቅ ከዚህ መነሣት ይሻላል፤ የሙዚቃቸው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

እማሆይ ወደሚፈልጉት ድምፅ በቀጥታ አይሄዱም። አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሦስት ቁልፎች በፍጥነት፣ በስሱ ነካ ነካ አድርገው ከዚያ ያርፉበታል። ጆሮም የተሰበረውን ድምፅ ራሱ ይቀጥለውና ያልተንሸራተተው የተንሸራተተ ይመስለዋል። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ቫልስ በርጋታ ሲወዛወዝ ቀኝ እጃቸው በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ድንገት እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። በጭብጨባ ልከተል ያለ ይስታል። ለእኔ ጆሮ ያ መውረድ በቅዱስ ያሬድ የዜማ ምልክቶች ርክርክ የሚባለውን ያስታውሳል። የውጭ አድማጮች ሥራቸውን ብዙ ጊዜ ከጃዝና ከብሉዝ ጋር ያነጻጽሩታል። አይፈረድባቸውም፣ የሚያውቁት እሱን ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ግን ምንጩን ሌላ ቦታ አይፈልግም።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው በአውሮፓ የተማሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። (ስንዱ ገብሩ በኋላ ደራሲ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተርና በምርጫ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆናለች።) ወደ አገር ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1937 ቤተሰቡ ተግዞ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰደ።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊኒስት ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አምስቱ ለፒያኖ፣ አራቱ ለቫዮሊን። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለጎዳው ተመለሱ። መምህራቸውም አብሯቸው መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ።

ከዚያ የሕይወታቸው መታጠፊያ መጣ። ለንደን ሄደው በሮያል አካዳሚ ኦፍ ሙዚክ የመማር ዕድል ተገኝቶ ሳለ መሄዱ ተከለከለ። 12 ቀን ከቡና በቀር እህል አልቀመሱም። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ቅዱስ ቁርባን እንዲያቀብሏቸው ለመኑ፤ ከተቀበሉ በኋላ ልባቸው ከለንደን ተነቀለ። ገና ወጣት ሳሉ ለማንም ሳያስታውቁ ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። የባለሥልጣን ልጅ ባዶ እግራቸውን እየሄዱ፣ ከመደብ ላይ እየተኙ አሥር ዓመት ኖሩ። በግሸን ፒያኖ የለም። እዚያው መንኩሰው የውብዳር የሚለው ስም ቀረና ጽጌማርያም ተባሉ። ግሸን ያለችው በአምባሰል ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘበት አገር።

አሥሩ ዓመት ለሙዚቃቸው የባከነ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልልም። ለንደን ቢሄዱ ኖሮ ሾፐንን አሳምራ የምትጫወት አንዲት ኢትዮጵያዊት እናገኝ ነበር፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው። ከግሸን የወረዱት ግን የሌላ ሰው ድርሰት ተጫዋች ሳይሆኑ የራሳቸው ድምፅ ያላቸው ደራሲ ሆኑ።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ሄደው የያሬድን ዜማ ማጥናት ጀመሩ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኟቸው የነበሩት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፦ ከሩቅ አገር በእግር መጥተው፣ ቀን ለምነው የሚበሉ፣ ሌሊት በደጀ ሰላሙ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሊሰጡ ወሰኑ። በንጉሠ ነገሥቱ እርዳታ ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ፤ ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር። በሸክላው ካሉት ሥራዎች አንዱ ስለ ቤት አልባው መንገደኛ ነው። ይህን ሳዳምጥ ሁልጊዜ የሚታዩኝ እነዚያ ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ። ዐፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክብ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ግቢ ነው። በጠባቧ ክፍላቸው አንድ ፒያኖ፣ የኖታ ክምር፣ ራሳቸው የሳሏቸው ቅዱሳን ሥዕሎች ነበሩ። ዓለም ያወቃቸው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛው አልበም ለእሳቸው ብቻ ሲሆን። ከዕረፍታቸው በኋላ ደግሞ ከመሰደዳቸው በፊት አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በካሴት የቀዷቸው የአማርኛ መዝሙሮች ወጡ። እማሆይ በራሳቸው ድምፅ ያዜማሉ፤ በመስኮቱ በኩል የወፎች ድምፅ ይገባል።

መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ከድርሰቶቻቸው የአንዳንዶቹ ኖታ ታትሟል። ልጅዎ ፒያኖ የሚማር ከሆነ አስተማሪው ከቤትሆቨንና ከሾፐን ጎን አንድ የእማሆይን ሥራ እንዲያስጠናው ይጠይቁ።