የኢንተርኔት አድራሻን በልክ ስለ መጠየቅ
ደብዳቤ ያለ ፖስታ ሣጥን ቍጥር ከባለቤቱ እንደማይደርስ ሁሉ፥ የኢንተርኔት መልእክትም ያለ አድራሻ አይደርስም። አይፒቪ4 በተባለው ሥርዓት ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ ማዕከላዊው የዓለም ክምችትም በጥር 2003 ዓ.ም. ታድሎ አልቋል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት አድራሻ ከመጠየቁ በፊት ፍላጎቱን ይቍጠር። የሕዝብ አድራሻ የሚያስፈልጋቸው ከውጭ የሚፈለጉት ሰርቨሮች ናቸው፤ የሠራተኞቹ ኮምፒዩተሮች ግን በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ይዘው በአንድ የሕዝብ አድራሻ ሊወጡ ይችላሉ። 8 አድራሻዎች ካሉት ምድብ 2ቱን ሥርዓቱ፥ አንዱን ራውተሩ ሲወስዱ 5 ይቀራሉ፤ 4 ሰርቨሮች ላሉት መሥሪያ ቤት ይህ ይበቃል። 16 ጠይቆ ግማሹን ሥራ ፈት ማኖር ግን፥ ነገ ለሚከፈት ትምህርት ቤት ወይም ሐኪም ቤት የሚገባውን ድርሻ መያዝ ነው።