ቡናው ከምሳ በፊት፦ ስፖርት ለምትሠራ ሴት ስለ ብረት

የዛሬው ዝግጅት ቂርያት ጋት ኢንዱስትሪ ቀጠና እየሠሩ ከሥራ በኋላ ለሚሮጡ፣ ጂም ለሚገቡ እህቶች ነው። ወንዶችም ስሙ፤ ቡናው የጋራ ነው።

እኔም እዚያው ቀጠና ነው የምሠራው። የ12 ሰዓት ሚሽሜሬት ስንጨርስ ድካሙን ሁሉ "እንቅልፍ አጥቼ ነው" እንላለን። ሊሆን ይችላል። ግን ድሮ በቀላሉ በምትሮጡት መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ ከደለቀ፣ ያነሰባችሁ ብረት ሊሆን ይችላል። ኦክስጅንን በደም የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም።

ለምን ሴቶች? በወር አበባ ደም ይፈሳላ! ለዚህ ነው ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም፣ ለወንድ ግን 8 ብቻ የሚመከረው። ስፖርት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብሎ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ብረት ያለበትን ምግብ ጠዋት፣ ወይም ልምምዱ እንዳለቀ ወዲያው ብሉ።

እናቶቻችን "እንጀራ እየበላችሁ ብረት ያንሳችኋል እንዴ?" ይላሉ። ጤፍ ብረት አለው፣ አይካድም። ግን አገር ቤት አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ስለሚቀላቀለው፣ ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ የአፈሩ ነው። የእህሉን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ምስርና ሽሮ ስትበሉ ሎሚ ጭመቁበት፣ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሩ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። የሥጋ ብረት ግን በራሱ በቀላሉ ይገባል።

አሁን ወደ ቡናው። በ1983 በታተመ ጥናት፣ ከሀምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው፤ ሻይ በ64 በመቶ። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም እኩል ቀነሰ። 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። እኛስ? ቤት ውስጥ ከበላን በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ፋብሪካ ውስጥ ከምሳ ተነስተን ቀጥታ ወደ ቡና ማሽኑ። ቡና ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል! በመጀመሪያው እረፍት ቡናችሁን ጠጡ፣ ከምሳ ጋር ውኃ ይሁን።

በመጨረሻም ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ "ፌሪቲንም ይታይልኝ" በሉ። ፌሪቲን የብረት መጋዘናችን ልክ ነው። ሄሞግሎቢን ከ12 በላይ ሆኖ "ደምሽ ደህና ነው" ተብላችሁ መጋዘኑ ባዶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ15 በታች የሆነ ፌሪቲንን እጥረት ይለዋል፤ ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ግን ከ30 በታች ሲሆን ጀምረው ይከታተላሉ። ታማችሁ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚያታልል ሲሻላችሁ ተመርመሩ። ሳትመረመሩ ክኒን አትጀምሩ፤ የበዛ ብረትም ይጎዳል። የወር አበባችሁ ከበዛ ደግሞ ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት።